ገንዘቤን ተቀብዬ ብፈርም ክሱ ይዘጋል?

የሕግ ነገር የሚገባችሁ ካላችሁ እባካችሁ አንድ በሉኝ።

ቤት እንሠራላችኋለን ብሎ ከብዙ ሰው ገንዘብ የሰበሰበ ድርጅት ነበር። እኔም ገባሁበት። ቤቱም የለ፣ ገንዘቡም የለ። ባለቤቱ በማታለል ወንጀል ተከሷል። እኔ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ጠበቃው ደወለልኝ። የከፈልኩትን በሙሉ ሊመልሱልኝ ነው፤ አንድ ገጽ ወረቀት ከፈረምኩ። እውነቱን ልናገር፣ ገንዘቡ በጣም ያስፈልገኛል። ግን ሦስተኛው መስመር ላይ «ጉዳዩ የግል የገንዘብ ክርክር እንጂ ማታለል አልነበረም» ይላል። እዚህ ጋ እጄ ቆመ። ተታልያለሁ ብዬ ቃሌን የሰጠሁት እኮ እኔው ነኝ!

እስከሚገባኝ፣ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል ከሆነ ተበዳዩ ሲታረቅ ክሱ ሊቆም ይችላል። ሕዝብ የተጭበረበረበት ግን የመንግሥት ክስ ነው። የእኔ ዕርቅ ቢበዛ ቅጣት ያቀልለት ይሆናል። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2012 በሰጠው ውሳኔ፣ የንግድ ወይም የቤተሰብ ጠብ የሚመስለውን በዕርቅ መዝጋት ይቻላል፣ ኅብረተሰብን የሚጎዳ ከባድ ወንጀልን ግን አይቻልም ብሏል። ጠበቃው ግን «ሁላችሁም ከፈረማችሁ መዝገቡ ይዘጋል» ነው የሚለው።

ያችን መስመር አሰርዤ «ገንዘቤን ተቀብያለሁ» በሚለው ላይ ብቻ ብፈርም ችግር አለው? መጀመሪያ ለዐቃቤ ሕጉ ልንገረው ወይስ? የቀጠሩኝ ለሐሙስ ነው።