ከብሎካችን ጀርባ ያሉት ድመቶች፦ ኮሚቴው መርዝ ሊያስቀምጥ ነው

የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ከብሎካችን ጀርባ በግ የሚታረድበትና እንጀራ የሚጋገርበት ኮሙናል አለ። ድመቶቹ ቀን ቀን ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ሲመሽ ከሥሩ ባለው የፍሳሽ መውረጃ ይገባሉ። የዛሬ ሁለት ዓመት የገና ዕለት አንዲት ዳለቻ ድመት ከእርሷ የሚረዝም የበግ አንጀት እየጎተተች፣ ሦስት ልጆቿ ተከትለዋት ስትሄድ አየሁ። የእኔንም አንጀት በላችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አበላቸዋለሁ።

ዛሬ ስንት እንደሆኑ በትክክል አላውቅም። አንድ ቀን አሥራ አራት፣ ሌላ ቀን አሥራ ሰባት ቆጥሬአለሁ። ጥቁሩ አንድ ይሁን ሁለት እስካሁን አልለየሁም። ከሥራ ስመለስ ሳንባ ገዝቼ እቀቅልና ከሩዝ ጋር እሰጣቸዋለሁ። ሳንባ ከጠፋ የራቴን ትራፊ፣ ወጡን በእንጀራ ፈትፍቼ፤ ለግልገሎቹ ደግሞ ወተት።

ባለፈው ሰኞ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ የሰባት ዓመት ልጅ ግልገል ሊያነሣ ሲጎነበስ እናትየው እጁን ነከሰችው። እሁድ ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው በሰው ፊት «ያበዛሻቸው አንቺ ነሽ፤ በ15 ቀን ውስጥ ካላነሣሻቸው መርዝ ይቀመጣል» አለኝ። ያናደደኝ መናገሩ አይደለም፤ ቤቴ ገብቼ ሳስበው እውነቱን ሳይሆን አይቀርም ማለቴ ነው።

የግቢው ጥበቃ ደግሞ በማዳበሪያ ይዞ ወደ ሰበታ መንገድ ወስዶ ሊለቅልኝ ፈቃደኛ ነው። ሁዳዴም እየመጣ ነው፤ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል። ምን ብታደርጊ ይሻላል ትሉኛላችሁ?

ጡረተኛው የእንስሳት ሐኪም፦

ልጄ፣ ከድመቶቹ በፊት ልጁን። ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ታጥቦ ነበር? ጤና ጣቢያ ሄደ? ካልሄደ ይህን ጽሑፍ ሳትጨርሺ ውረጂና ለእናቱ ንገሪያት። ሳምንት አልፏል፣ ቁስሉም ድኗል ብለው እንዳይተዉት። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትም ታስተላልፈዋለች፤ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ ግን ዘግይቶም ቢሆን ይሰጣል። ፀበሉንም ይጠጣ፤ ክትባቱን ግን አይተዉ።

አሁን ስለ ነካሿ። ታውቂያታለሽ? በሕይወት አለች? ነከሰች ከተባለበት ቀን ጀምሮ አሥር ቀን ጤነኛ ሆና ከቆየች፣ በነከሰችበት ሰዓት ምራቋ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። መርዝ ቢቀመጥና ብትሞት ግን የልጁ ሐኪም ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ይዛ ሞተች። ይህን ለሰብሳቢው ንገሪው። ስለ ርኅራኄ አንድ ሰዓት ከምታወሪለት ይህ ቶሎ ይገባዋል።

ሰብሳቢው ግማሽ እውነት አለው። ድመት የምትወልደው አንቺ ስላበላሻት አይደለም፤ ነገር ግን ሳታመክኚ ያበላሻት ድመት ጠግባ ትወልዳለች። ሴቷ ገና በአራት በአምስት ወሯ ልትፀንስ ትችላለች። እርግዝናው ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ነው። ክረምቱ ረጅምና ጨለማ በሆነበት አገር ድመት በብርድ ወራት መፀነስ ታቆማለች፤ እኛ ዘንድ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ እምብዛም ስለማይለዋወጥ ዕረፍት የላትም። አምስት ሴቶች በዓመት ሁለት ሁለት ጊዜ አራት አራት ቢወልዱ አርባ ግልገል ነው። አብዛኞቹ ስድስት ወር ሳይሞላቸው በጉንፋን፣ በተቅማጥና በመኪና ያልቃሉ። አንቺ የምታያቸው የተረፉትን ነው።

የሰበታውን መንገድ እርሺው። ሥፍራዋን የማታውቅ ድመት ወደ ቤቷ ለመመለስ ስትል አስፋልት ላይ ትቀራለች፤ ልጆቿም እዚህ ቱቦ ውስጥ ያልቃሉ። ኮሙናሉ የሚጥለው አንጀትና አጥንት እስካለ ድረስ ደግሞ በወሩ ከጎረቤት ብሎክ ሌሎች መጥተው ቦታውን ይይዙታል። በመርዝም ብታጠፏቸው ውጤቱ ያው ነው።

ስለዚህ ሥራው ይህ ነው፦ ይዞ ማምከን፣ መከተብ፣ ወደነበሩበት መመለስ። ከሴቶቹ ጀምሪ። ዘጠኝ ወንድ አኮላሽተሽ አንድ ቢቀር ያ አንድ ለሁሉም ይበቃል። ሴቶቹን ከሩቅ ለመለየት ከተቸገርሽ፣ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ የተቀላቀለባት ዝንጉርጉር ድመት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ሴት ናት። ሙሉ ቀይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው።

በማዳበሪያ ድመት አትያዢ፣ ጥበቃውንም አታስይዢ። ያስተማረኝ ጠባሳ ቀኝ አውራ ጣቴ ላይ አለ። እኔ በያጅ ዘንድ ሄጄ ከሽቦ ፍርግርግ ሳጥን አሠራሁ፤ 80 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 በ30 አፍ፣ ውስጡ መርገጫ፣ ስትረግጠው የሚወርድ በር። በሩን በገመድ ወደ ላይ እሰሪና ሳምንት ሙሉ ምግባቸውን እዚያ ውስጥ አድርጊላቸው። በምትይዢበት ዕለት ቀኑን ሙሉ አታብያቸው፤ ማታ ገመዱን ፍቺና ከመርገጫው በስተጀርባ የሰርዲን ዘይት ጠብ አድርጊ። በሩ እንደወረደ ትደነብራለች፣ ከሽቦው ጋር ትታገላለች። በዚያች ቅጽበት ወፍራም ጨርቅ ጣይባት። ጨለማ ሲሆንባት ጸጥ ትላለች። እጅሽን በምንም ምክንያት አታስገቢ።

ከዚያ በፊት ግን ሐኪሙን አነጋግሪ። ያልለመደች ድመት በሳጥን እንደምትመጣ አስቀድሞ ይወቅ፤ ማደንዘዣውን በሽቦው በኩል ይወጋታል። ሦስት ነገር ጠይቂው፦ የእብድ ውሻ ክትባቱን በዚያው እንዲሰጣት፣ በሚሟሟ ክር እንዲሰፋት (ክር ለማውጣት ዳግመኛ አትያዝልሽም)፣ በሰመመን ሳለች የግራ ጆሮዋን ጫፍ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲቆርጥ። ያመከንሻትን ሁለተኛ እንዳትይዢ ምልክትሽ እርሱ ነው። ሴቷን ቢያንስ አንድ ሌሊት ነፋስ በማይገባበት ቦታ አሳድሪያት። ከሰመመን የምትነቃ ድመት ሙቀቷን መጠበቅ አትችልም።

ነካሿ እናት የምታጠባ ከሆነ ልጆቿ ራሳቸው እስኪበሉ ጠብቂያት። ግልገሎቹ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ካገኘሻቸው ከሰው ይለምዳሉ፤ ቤት ፈልጊላቸው። የአዋቂዎቹን ልብ አገኛለሁ ብለሽ አትድከሚ፤ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ።

አንድ ቁጣም አለኝ፤ ወጡን ተዪ! ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ይመርዛል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። ወተቱም ተቅማጥ ያመጣባቸዋል፤ ውኃ ይበቃል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠርና አንጀት ይወጋል። ከሳንባው ጋር ልብ ቀላቅይበት፤ ሳንባ ሆድ ይሞላል እንጂ ብቻውን አያኖርም። የታመመች ብታዪ ደግሞ ፓራሲታሞል እንዳትሰጪ። አንዲት ፍሬ ድመት ትገድላለች።

ከአሽቀሎን፦

እህቴ፣ አባባ ከተናገሩት ላይ የምጨምረው ስለ ድመት ሳይሆን ስለ ሰው ነው። እስራኤል ውስጥ የመንገድ ድመት የሌለበት ሠፈር የለም። እኔ ከሕንፃችን ጀርባ ያሉትን ማብላት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ስጀምር ሃያ ሁለት ነበሩ፤ ዛሬ ዘጠኝ ናቸው፤ አራት ዓመት ሙሉ ግልገል አላየንም። ጆሮዋ ያልተቆረጠ ከመጣች ሰው ጥሏት ሄዷል ማለት ነውና በዚያው ሳምንት ትያዛለች።

እናቴ ከጎንደር እንደመጣች መስኮት ላይ ቆማ ስታያቸው ከረመችና «ይህቺ ምን ሰርቃ ነው ጆሮዋን የቆረጧት?» አለችኝ። ብነግራትም አላመነችም። ጎረቤቶችሽም እንዲሁ ስለሚሉ ከመቆረጡ በፊት ንገሪያቸው፤ ከተቆረጠ በኋላ ስትናገሪ ሰበብ ይመስላል።

ጎረቤት የሚጠላው ድመቷን ሳይሆን ሳህኑን ነው። የተረፈ ምግብ፣ ዝንብ፣ ሽታ፣ በሌሊት አይጥ። እኔ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አስቀምጣለሁ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አነሣለሁ፣ ሲሚንቶው ላይ ውኃ አፈስበታለሁ፤ የሚቀረው የውኃ ሳህን ብቻ ነው። ሰዓቱን ስለሚያውቁት ሌላ ጊዜ ሰው እግር ሥር አይዞሩም። ከበርና ከመኪና የራቀ አንድ ቦታ ምረጪ። ደብተር ያዢ፦ መልኳ፣ ጾታዋ፣ ጆሮዋ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችበት ቀን። ሁለት ቀን ያልመጣች ድመት አንድ ነገር ሆናለች።

ብቻሽንም አትሁኚ። እኔ ቀዶ ሕክምና አድርጌ ሦስት ሳምንት ተኝቼ ሳለ የሚያበላልኝ ሰው ስላልነበረ ድመቶቹ የጎረቤት ሕንፃ ቆሻሻ ገልብጠው ስድስት ወር የደከምኩበትን ዕርቅ አፈረሱብኝ።

የገርጂ አባወራ፦

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሰው ሳንባ እንኳን መግዛት ባቃተው ጊዜ ለአሥራ ሰባት ድመት መቀቀል ቅንጦት ነው የሚመስለኝ። ሌላው ደግሞ፣ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። ድመት ፅንስ ታስወርዳለች ሲባል ሰምቻለሁ። ኮሚቴው ልጆቹንና ሴቶቹን ማስቀደሙ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው?

ጡረተኛው የእንስሳት ሐኪም፦

ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ወንድሜ። የሰሙት ቶክሶፕላዝማ ስለሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ፅንስ ይጎዳል፣ እውነት ነው። የሚወጣው በድመት ዓይነ ምድር ነው፤ ወጥቶ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሳይቆይ ግን አይዝም። ድመት አጠገብዎ ስላለፈች አይተላለፍም። ባለቤትዎ የአትክልት አፈር ስትነካ ጓንት ታድርግ፣ ሰላጣውን በደንብ ትጠብ፣ የድመት ዓይነ ምድር ሌላ ሰው ይጥረግ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ እስክትወልድ ድረስ ጥሬ ክትፎና ቁርጥ ይቅርባት። በሽታው በጥሬ ሥጋም ይገባል፤ በእኛ አገር ደግሞ ድመት ከሚያቅፈው ሰው ክትፎ የሚበላው ይበዛል።

መርዝ የተባለውን በተመለከተ፣ ድመት ለይቶ የሚገድል መርዝ የለም። ግቢው ውስጥ አፉ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ የሚከት ሕፃን አለ።

የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወዲያው ያልመለስኩት ሮጬ ስለነበር ነው።

ልጁ ጤና ጣቢያ አልሄደም ነበር። እናቱ በአልኮል ጠርጋ በፋሻ አስራው ኖሮ፣ የአባባን ጽሑፍ ከስልኬ ሳነብላት ነጠላዋን እንኳን ሳትለብስ ይዛው ወጣች። ክትባቱን ጀመረ። ነካሿ ዳለቻዋ ናት፤ ያቺው የገናዋ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ስጠብቃት ነበር። አሥረኛው ቀን ሐሙስ ዋለ፤ መጣች፣ በላች፣ እኔ ላይ እንደ ልማዷ እፍ አለችብኝና ሄደች። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለሰብሳቢው ስለ አሥሩ ቀን ስነግረው ዝም አለ። ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ያልጠበቅኩት ሰው ተነሣልኝ፤ ከሥር ያለው የሱቅ ባለቤት። እነዚህ ድመቶች ከመጡ ወዲህ የዱቄት ጆንያዬ በአይጥ ተበልቶ አያውቅም አለ። ሦስት ወር ሰጡኝ። መርዝ እንደማይቀመጥ ቃለ ጉባኤ ላይ ተጽፎ ተፈረመ። ሰብሳቢው በበኩሉ ያረደ ሰው ቆሻሻውን በዚያው ቀን በጆንያ አስሮ እንዲያወጣ አስወሰነ፤ ይህን እኔ እንኳን አላሰብኩትም ነበር።

ገርጂ ላሉት ወንድሜ፦ ቅንጦት ሊሆን ይችላል። ግን ወጡን ስለተውኩ ራቴን ራሴ እበላለሁ፤ የሳንባውንም ወጪ አሁን ሦስት ሰዎች ተካፍለነዋል። አንዷ የልጁ እናት ናት። ሥጋ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ከሙስሊም ሥጋ ቤት እንገዛለን።

ሳጥኑን አሠራሁ። በያጁ ለጅብ ነው ወይ ብሎ ሳቀብኝ። ሳምንቱን ሙሉ በሩን አስሬ አበላኋቸው፤ ዛሬ ማታ ገመዱን ፈታሁ። ያሰብኩት ዝንጉርጉሯን ነበር። እርሷ ግን ሳጥኑን ዞራ ዞራ አሽትታ ከደረጃው ሥር ተቀመጠች፤ ጥቁሩ መጥቶ ሳያቅማማ ገባ። በሩ ሲወርድ ልቤ አብሮ ወረደ። ብርድ ልብሱን ጣል አደረግኩበት፤ እውነትም ጸጥ አለ።

ከጥበቃው ጋር ሳጥኑን ይዘን ልንነሣ ስንል ቀና አልኩ። ጥቁሩ ኮሙናሉ ቆርቆሮ ላይ ቁጭ ብሎ ያየናል።

ደብተሩን አውጥቼ አረምኩት። አሥራ ስምንት ናቸው።