ነዳጅ ሊያልቅ ሲል መንዳት ፓምፑን ይጎዳል?

የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ የእንጦጦን ዳገት እያቋረጥኩ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። የማደያ ወረፋ ስለሚረዝም ቪትዝ መኪናዬ ብዙ ጊዜ የምትሄደው የነዳጅ መብራቷ በርቶ ነው። አሁን ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለች፤ ከኋላ ወንበር ስርም የማያቋርጥ ጩኸት ይሰማል። ቤንዚን ስሞላ ጩኸቱ ይቀንሳል።

በእንጄክሽን መኪና (ቤንዚን በግፊት ወደ ሞተሩ በሚረጭበት) የነዳጅ ፓምፑ ታንከሩ ውስጥ እንደሚቀመጥና የሚቀዘቅዘውም በቤንዚኑ እንደሆነ አውቃለሁ። ታዲያ ዳገት ላይ ቤንዚኑ ወደ አንድ ወገን ሲሸሽ አየር ይስብ ይሆን? አንዱ መካኒክ ፓምፑ ይቀየር አለኝ፤ ሌላው ነዳጁ ሲያንስ ከታች የተሳበ ዝቃጭ ፊልትሮውን ዘግቶታል ይላል። የሁለተኛው አላሳመነኝም፤ ታንከሩ ሙሉ ሲሆንም ፓምፑ የሚስበው ከታች ነውና። ፓምፕ ደግሞ ውድ ነው። አስቀድሜ የነዳጁን ግፊት ባስለካ ጥፋቱ ይለያል? ልጆች ስለማመላልስባት መንገድ ላይ እንዳትቆምብኝ በጣም ሰግቻለሁ፤ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።