ሲጋር ጀማሪ ነኝ፤ የሚስማማኝን ዓይነት እንዴት ልለይ?

ጥያቄ፦ ናቲ ቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 29 ነው፣ የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። ሲጋራ አጭሼ አላውቅም። በቅርቡ የጓደኛዬ ሰርግ ላይ ሲጋር (ያ በራሱ በትምባሆ ቅጠል የሚጠቀለለው) ሲታደል እኔም አንድ ወስጄ ሞከርኩ፣ በጣም ወደድኩት። ሙሽራውን ስጠይቀው ምን እንደነበር አያስታውስም። ከዚያ አንድ ሱቅ ገባሁ፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሳጥን ነው፣ ነጣ ያለው፣ ጥቁሩ፣ ቀጭኑ፣ ወፍራሙ። ሻጩ «ምን ዓይነት ትወዳለህ?» ሲለኝ የምለው አጣሁ።

ከምን ልጀምር? በወር ከ40 ዶላር በላይ ማውጣት አልፈልግም። ዱባይ ያለው ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ሊጠይቀኝ ሲመጣ የኩባ ይዤልህ ልምጣ ብሎኛል። በእሱ ብጀምር ይሻላል?

መልስ፦ ሰለሜ ዲሲ

ናቲ ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ብዙ ጀማሪ ዛሬ ቀጭን የዶሚኒካን፣ ነገ ወፍራም የኒካራጓ ይገዛና አንዱን ሲወድ የወደደው ቅጠሉን ይሁን መጠኑን ይሁን ሳያውቅ ይቀራል።

ሲጋር ሦስት ክፍል አለው። መሃሉን የሚሞሉት ቅጠሎች፣ እነሱን ጠቅልሎ የሚይዘው ቅጠል፣ ከዚያ ከላይ የምታየው የውጭ ልባስ። ልባሱ አንድ ስስ ቅጠል ቢሆንም ጣዕሙ ላይ ያለው ድርሻ ትልቅ ነው። ሱቅ ውስጥ ያየኸው የቀለም ልዩነትም የልባሱ ነው። ነጣ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ኮኔቲከት ሼድ የሚባለው ነው። በጨርቅ ጥላ ሥር ስለሚበቅል ቅጠሉ ስስ፣ ጣዕሙም ለስላሳ ይሆናል። ጥቁሩ ማዱሮ ነው፤ ረዘም ላለ ጊዜ የተብላላ ቅጠል ስለሆነ ጣፈጥ ይላል። በመሃል ሃባኖ የሚባለው አለ፣ እሱ ቅመም ቅመም ይላል።

እንግዲህ መጠኑን አንድ ዓይነት አድርገው። ሮቡስቶ በል። ርዝመቱ 5 ኢንች፣ ውፍረቱ 50 ነው፣ ማለትም የአንድ ኢንች 50/64ኛ። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያቆይሃል። ሦስት ሮቡስቶ ግዛ፣ አንድ ኮኔቲከት፣ አንድ ሃባኖ፣ አንድ ማዱሮ፣ ከዚያ በተለያየ ሳምንት አጭሳቸው። ለመጀመሪያው ማካኑዶ ካፌ የሚባለው ሲጋር ጥሩ ነው፣ ለስላሳ የዶሚኒካን ነው።

የልባሱን ሥራ በደንብ ማየት ከፈለግክ ደግሞ ፓድሮን 2000 የሚባለውን ግዛ። የኒካራጓ ነው፣ ራሱ ሮቡስቶ ነው፣ በናቹራልም (ፈካ ባለው ልባስ) በማዱሮም ይሸጣል። ሁለቱንም ወስደህ አወዳድር። ከእዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ግን ከማካኑዶው ጠንከር ይላል፣ መጀመሪያ ላይ አታድርገው።

መልስ፦ ቡና ቁርስ

ሰለሜ ያለው ልክ ነው፣ እኔ የምጨምረው አለኝ። ሴት ነኝ፣ ሲያትል ነው የምኖረው፣ ከባለቤቴ ጋር ቅዳሜ ማታ በረንዳ ላይ አንዳንዴ እናጨሳለን።

ጥቁር ሁሉ ኃይለኛ ነው ብለህ እንዳታስብ። ኃይሉ የሚመጣው በአብዛኛው ከውስጥ ቅጠሎቹ ነው። ከተክሉ ጫፍ አካባቢ የሚለቀመው ሊጌሮ የሚባለው ቅጠል ፀሐይ ብዙ ስለሚያገኝ ኒኮቲኑም ይበዛል። ነጣ ያለ ልባስ ለብሶ ራስህን የሚያዞር ሲጋር አለ፣ ጥቁር ሆኖ ለስላሳም አለ። ሱቅ ስትገባ «ኃይሉ እንዴት ነው?» እና «ጣዕሙ እንዴት ነው?» ብለህ ለየብቻ ጠይቅ።

ስታጨስ የምትቀምሰውን በራስህ ቋንቋ ጻፈው። ሳጥኑ ላይ የሚጽፉት እኛ ቤት በልተን የማናውቀው ፍሬና ጣፋጭ ነው። አንተ ግን የተቆላ ቡና ታውቃለህ፣ ለውዝ ታውቃለህ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር ማር ታውቃለህ። ስልክህ ላይ «መጀመሪያ ለውዝ፣ መሃል ላይ ቁንዶ በርበሬ፣ መጨረሻ መረረኝ» ብለህ ብትጽፍ ይበቃል። ሻጩም ከእሱ ተነስቶ ይረዳሃል። ሲጋሩ ላይ ያለውን ስሙ የተጻፈበት የወረቀት ቀለበት ፎቶ ማንሳት አትርሳ።

አንዱን አልወደድኩትም ብለህም ቶሎ አትሰርዘው። በባዶ ሆድ አጭሰኸው ይሆናል፣ ወይ ቶሎ ቶሎ ስበኸው ይሆናል። ሌላ ቀን ደግመህ ሞክረው።

መልስ፦ ሲስተር ኤም

ነርስ ነኝ። ናቲ፣ ሲጋራ አጭሼ አላውቅም ስላልክ ልነግርህ ግድ ይለኛል። ጭሱን ወደ ሳንባህ አታስገባ፣ አፍህ ውስጥ ብቻ ይዘህ አውጣው። እንደዚያም ሆኖ ኒኮቲኑ በአፍህ በኩል ወደ ደም ይገባል። የአፍና የጉሮሮ ካንሰር አደጋም አለ። አንዳንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል። ምንም የማያመጣ መጠን የሚባል የለም፤ ባይጀመር ይመረጣል፣ ከጀመርክ ደግሞ በሳምንት ከአንድ ወደ ሁለት፣ ወደ ሦስት ሲያድግ ካየህ ቁም።

በልተህ አጭስ። ላብ ላብ ካለህ፣ ካቅለሸለሸህ ወዲያው አስቀምጠው፣ ውሃ ጠጣ፣ ጣፋጭ ነገር ቅመስ። ቤት ውስጥ ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች ውጭ ውጣ።

መልስ፦ ኬቢ ቴክሳስ

የኩባውን ነገር ልመልስልህ። ወንድምህን አታስቸግረው። አሜሪካ የኩባን ዕቃ የከለከለችው ከ1962 ጀምሮ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ2016 መንገደኛ ለራሱ የሚሆን ይዞ እንዲገባ ፈቅደው ነበር፣ በመስከረም 2020 መልሰው ዘጉት። ከዱባይም ቢገዛ የኩባ እስከሆነ ድረስ ያው ነው፣ ጉምሩክ ይወስድበታል። አንተ ዱባይ ስትሄድ እዚያው አብራችሁ አጭሱ፣ እዚያ በሱቅ ይሸጣል።

ደግሞ ለጀማሪ የኩባ የግድ አይደለም። ኒካራጓ ኤስቴሊ የሚሠራው፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሳንቲያጎ የሚሠራው ማንም አይንቀውም። ከአፍሪካም አለ፤ የካሜሩን ቅጠል በጣም የታወቀ ልባስ ነው። አርቱሮ ፉዌንቴ ሄሚንግዌይ ሾርት ስቶሪን ፈልግ፣ ልባሱ የካሜሩን ነው። አጭር ስለሆነ ጊዜ ለሌለው ሰው ጥሩ ነው። የእኔ ምርጫ እሱ ነው።

መልስ፦ የቦሌ ልጅ

እኔ አዲስ አበባ ነኝ። እዚህ ላላችሁ አንድ ማሳሰቢያ፤ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት በሕዝብ መገልገያ ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥም እንዲሁ። ሆቴል ውስጥ ልሞክር ብላችሁ እንዳትጋጩ።

ናቲ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሲስተር፣ ያልሽውን ሰምቻለሁ፣ በወር ከሦስት አላልፍም። ሰለሜ፣ ሦስቱን አብሬ ከገዛሁ እስከሚቀጥለው ሳምንት የት ላስቀምጣቸው? ፍሪጅ ይሆናል? ስለ መቁረጡና ስለ መለኮሱስ?

መልስ፦ ሰለሜ ዲሲ

ፍሪጅ በፍጹም። ያደርቀዋል፣ የምግብ ሽታም ይጠጣል። ለሦስት ሲጋር ሂውሚዶር (እርጥበት የሚጠብቅ የሲጋር ሳጥን) አትግዛ። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ይበቃል፤ ውስጡ ቦቬዳ የሚባለውን የእርጥበት ከረጢት አስገባ፣ 65 ወይም 69 በመቶ እርጥበት የሚለውን። ጥቂት ዶላር ነው። መኪና ውስጥ አትተዋቸው፣ ሙቀት ትል ያፈላል።

ስትቆርጥ ከተዘጋው ጫፍ ወደ ሁለት ሚሊሜትር ብቻ ንካ፤ ከዚያ ካለፍክ ልባሱ ይተረተራል። በጋዝ ላይተር ወይም በእንጨት ክብሪት ለኩስ፣ የቤንዚን ላይተር ሽታው ጣዕሙ ውስጥ ይገባል። እሳቱን ሳታስነካ ጫፉን ዙሪያውን አሙቀው፣ ከዚያ እየሳብክ ለኩስ። በደቂቃ አንዴ ያህል ሳብ። ቶሎ ቶሎ ከሳብከው ይግልና ይመራል፣ ያኔ ማዱሮውም ኮኔቲከቱም አንድ ይሆንብሃል። መሃል ላይ ቢጠፋ አመዱን አራግፈህ መልሰህ ለኩሰው፣ ችግር የለውም። ለነገ ብለህ ግን አታስቀምጠው።