የአንገት አከርካሪ ላሚኔክቶሚ፦ 63015 ወይስ 63045?

ከሄርማታ፣ ጅማ፦
ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። እዚሁ ጅማ ሆኜ ለአንድ የአሜሪካ ክሊኒክ የሕክምና ክፍያ ኮዲንግ (ሐኪሙ የሠራውን ለክፍያ ጥያቄ በቁጥር ኮድ መግለጽ) በርቀት እሠራለሁ። ትናንት የደረሰኝ ኦፕሬሽን ኖት (ሐኪሙ ስለ ቀዶ ሕክምናው የጻፈው ዘገባ) ርእሱ «ከሲ 3 እስከ ሲ 6 ላሚኔክቶሚና ፎራሚኖቶሚ» ይላል፤ ማለትም ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው የአንገት አከርካሪ ላሚናን (የአከርካሪውን የኋላ አጥንት) ማንሳትና የነርቭ መውጫ ቀዳዳዎችን ማስፋት። ዝርዝሩን ሳነብ ግን ሐኪሙ የአራቱን አከርካሪዎች ላሚና በድሪል አንስቶ፣ ሊጋመንተም ፍላቩሙን (ላሚናዎቹን የሚያያይዘውን ጅማት) አውጥቶ፣ ህብለ ሰረሰሩ ከጫና መላቀቁን አረጋግጦ ቁስሉን እንደ ዘጋ እንጂ የነርቭ መውጫ ቀዳዳዎቹን ስለ ማስፋቱ አንድም ቃል አልጻፈም። የምርመራው ኮድ ኤም 47.12፣ ማለትም ህብለ ሰረሰርን የጎዳ የአንገት ስፖንዲሎሲስ (የአከርካሪ መሸርሸር) ነው። 63045ን ከሦስት 63048 (ለእያንዳንዱ ተጨማሪ አከርካሪ የሚገባ ኮድ) ጋር ላስገባ ወይስ 63015ን ብቻ?

ጊቤ፦
ሐኪሙ ፎራሚኖቶሚ ብሎ በርእሱ ጽፎ እስከ ፈረመበት ድረስ 63045 የሚያስኬድ ይመስለኛል።

የቡና አገር፦
ጊቤ ባሉት አልስማማም። ኮድ የሚወጣው በዝርዝሩ ከተገለጸው ሥራ ነው፤ ኦዲት የሚያደርገው ሰውም አምኖ የሚቀበለው እሱን ነው። 63001 እና 63015 ላሚና ተነሥቶ ህብለ ሰረሰሩ ሲላቀቅ፣ ነገር ግን ፋሴቴክቶሚ (የአከርካሪዎችን መገጣጠሚያ ቆርጦ ማንሳት)፣ ፎራሚኖቶሚም ሆነ ዲስክ ማውጣት ሳይኖር የሚገቡ ናቸው፤ የመጀመሪያው ለአንድ ወይም ለሁለት አከርካሪ፣ ሁለተኛው ከሁለት በላይ ለሆነ። ስለዚህ አከርካሪዎቹ አራት ቢሆኑም 63015 የሚገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። 63045 ደግሞ ላሚኔክቶሚ፣ ፋሴቴክቶሚና ፎራሚኖቶሚን በአንድነት የያዘ ነው፤ በርእስ ብቻ ተመሥርቶ እሱን መላክ በማስረጃ ላልተደገፈ ሥራ ክፍያ መጠየቅ ነው፤ በሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) ዘንድ ገንዘቡን ከማስመለስም አልፎ በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል።

ሆኖም ሐኪሙ ሥራውን ሠርቶ መጻፉን ዘንግቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ክሌሙን (የክፍያ ጥያቄውን) ከመላክዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁት። እዚህ ላይ አደራ የምልዎት ጥያቄው መልሱን የሚጠቁም እንዳይሆን ነው። «ፎራሚኖቶሚ ሠርተዋል አይደል?» ከማለት ይልቅ «በርእሱ የተጠቀሰው ፎራሚኖቶሚ በዝርዝሩ አልተገለጸም፤ እባክዎ ያብራሩልን» ብለው ይጻፉ። ሠርቶ ከሆነ በየትኞቹ አከርካሪዎች መካከል፣ በየትኛው ጎንና የትኛውን የነርቭ ሥር እንዳላቀቀ ገልጾ፣ ቀንና ፊርማ ያለበት ተጨማሪ ማስታወሻ ከኖቱ ጋር ያያይዛል። አልሠራሁም ካለ 63015 ይላካል።

አባ ቡና፦
የቡና አገር ያሉት ትክክል ነው። የምጨምረው፣ ማስታወሻው ቢመጣ እንኳ ላሚናው ከአራት አከርካሪ ስለ ተነሣ ብቻ 63048ን ሦስት ጊዜ አያስገቡ፤ ቁጥሩ የነርቭ ሥር መላቀቁ በጽሑፍ የተገለጸባቸውን ደረጃዎች ይከተላል። 63045 በአንድም ሆነ በሁለቱም ጎን ለተሠራ ሥራ የወጣ ኮድ በመሆኑ ሞዲፋየር 50 (ሥራው በሁለቱም ጎን መሠራቱን ለማሳየት ከኮዱ ጋር የሚጻፍ ቁጥር) አይፈልግም፤ 63048ም ተጨማሪ ኮድ ስለሆነ ሞዲፋየር 51 (በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ሥራ መሠራቱን የሚያሳየው) አይለጠፍበትም። በሜዲኬር አሠራር 63015ም 63045ም የ90 ቀን ግሎባል ጊዜ (የቀዶ ሕክምናው ክፍያ ክትትሉንም የሚሸፍንበት ጊዜ) ስላላቸው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሐኪሙ የሚያደርገው የተለመደ ክትትል ለብቻው አይጠየቅም።