የተማሪዎች የጨዋታ ሥራ ውድድር፦ ፓይተን ብቻ ይሁን ወይስ ሌላ የፕሮግራም ቋንቋም ይፈቀድ?

ጥያቄ፦ መምህር ከቧንቧ ውሃ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የአይሲቲ መምህር ነኝ። በዚህ ክረምት ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች አነስተኛ የኮምፒውተር ጨዋታ ውድድር እያዘጋጀን ነው። ርዕሱ «ከሰፈራችን ጨዋታዎች አንዱ» የሚል ነው። ገበጣም ይሁን ሰኞ ማክሰኞ ወይም ድብብቆሽ፣ ልጆቹ የወደዱትን መርጠው ወደ ኮምፒውተር ያመጡታል። ሥራቸውን የሚያቀርቡት ጳጉሜን 3 ቀን ነው።

በደንባችን ሁለተኛ አንቀጽ ላይ «ጨዋታው በፓይተን ብቻ ይጻፍ» ብለናል። በክረምቱ ያስተማርናቸው ፓይተን ስለሆነና እኛ ሦስቱ ዳኞችም አጥርተን የምናነበው እሱን ስለሆነ ነው። ከተመዘገቡት 17 ተማሪዎች አራቱ ግን በሌላ ቋንቋ እንድንፈቅድላቸው ጠይቀዋል። አንዱ በጃቫስክሪፕት፣ አንዱ በስክራች (በቀለም ብሎኮች የሚሠራበት)፣ አንዱ በጎዶ (የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር) መሥራት ይፈልጋሉ። አራተኛዋ ከኮምቦልቻ የምትመጣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ላፕቶፕ የላትም። በወንድሟ ስልክ፣ ሉዋ በሚባል ቋንቋ ገበጣ ሠርታለች። ባለፈው ሳምንት አሳየችኝ። ጉድጓዱን ስትነኩት ጠጠሮቹ አንድ በአንድ ወደ ቀጣዮቹ ይወርዳሉ፤ እያንዳንዱ ሲያርፍ እንጨት ላይ እንደሚወድቅ ጠጠር ድምፅ ያሰማል። ድምፁን የቀዳችው ከአያቷ ገበጣ ነው።

ይህችን ልጅ በምን አፌ «አይፈቀድም» ልበላት? በሌላ በኩል 13ቱ ተማሪዎች ደንባችንን አምነው ፓይተን ይዘው እየሠሩ ነው። እኛስ የማናውቀውን ቋንቋ እንዴት እንዳኛለን? ዳኝነቱ የሚካሄደው በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ በኢንተርኔቱም የምንተማመን አይደለንም። ተመሳሳይ ውድድር ያዘጋጀ ወይም የተወዳደረ ካለ ልምዱን እንዲያካፍለኝ እለምናለሁ።

መልስ፦ ዳኛ የነበርኩ (ኮምቦልቻ)

መምህር፣ በቅድሚያ እግዚአብሔር ይስጥልን። እንዲህ ያለ ነገር ለልጆቻችን የሚያስብ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል።

ከሁለት ዓመት በፊት እኔም በፓይተን ብቻ በተካሄደ አነስተኛ ውድድር ላይ ዳኛ ነበርኩ። ከስድስት ሥራዎች ሁለቱ ከነጭራሹ አልተከፈቱም። አንዲት ልጅ ፍላሿን ሰጠችን፣ ፋይሉን ከፈትነው፣ በጥቁሩ መስኮት ላይ ፓይጌም የሚባል ሞጁል አልተገኘም የሚል አንድ መስመር ወጣ። ፓይጌም በፓይተን ጨዋታ ለመሥራት የሚረዳ የኮድ ስብስብ ነው፤ ከፓይተን ጋር አብሮ አይመጣም፤ ለብቻው ወርዶ መጫን አለበት። ኢንተርኔት አልነበረም። ልጅቷ 40 ደቂቃ ያህል ከኮምፒውተሩ አጠገብ ቆማ እጇን ስታፍተለትል አየኋት። በመጨረሻ ጨዋታዋን ሳናይ ነጥብ ሰጠናት፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ «ፓይተን ብቻ» የሚለው አንቀጽ ይጠብቀናል ብለው ያሰቡትን ነገር አይጠብቅም። ደንቡ መናገር ያለበት ልጁ በምን ቋንቋ እንደጻፈ ሳይሆን እናንተ ምን እንደምትረከቡ ነው። «በዳኞች ኮምፒውተር ላይ ያለ ኢንተርኔትና ያለ ተጨማሪ ጭነት የሚከፈት አንድ ፎልደር» ብላችሁ ጻፉ። መጠኑንም ወስኑ።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነኝ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ጄኤስ13ኬ የሚባለው ውድድር ነው። የጃቫስክሪፕት ውድድር ነው፤ ዋናው ገደቡ ግን ጨዋታው በሙሉ በዚፕ ተጨምቆ ከ13 ኪሎባይት፣ ማለትም ከ13,312 ባይት እንዳይበልጥ ነው። ተወዳዳሪው በታይፕስክሪፕት ጽፎ ወደ ጃቫስክሪፕት ቢቀይረው ብራውዘሩ የሚያየው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ሚዛኑ ላይ የሚወጣው የተረከቡት ዕቃ ነው።

ፓይተን ለሚጠቀሙት 13ቱ ደግሞ ፓይኢንስቶለር የሚባለውን አሳዩአቸው። ፓይተኑንም ፓይጌሙንም አንድ ላይ ጠቅልሎ በራሱ የሚከፈት ፋይል ያደርገዋል። አደራ፣ የዳኞቹ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 32 ቢት ይሁን 64 ቢት ዛሬውኑ አጣሩ። በ64 ቢት የተዘጋጀው በ32 ቢቱ ላይ አይከፈትም።

መልስ፦ አሠልጣኝ (ደሴ፣ አራዳ)

እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴንም በግልጽ ልናገር።

መምህር፣ ውድድራችሁ የሥልጠናው ማሳረጊያ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ፓይተን አስተምራችሁ መጨረሻ ላይ «በፈለጋችሁት ሥሩ» ካላችሁ፣ ተማሪው ሲከብደው ጥሎት ወደለመደው ይሄዳል። በአንድ ቋንቋ መወሰን ነውር አይደለም። ፓይዊክ የሚባለው ውድድር እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በፓይተን ብቻ ሲካሄድ የኖረ ነው። ሉደም ዴር የሚባለው የጨዋታ ሥራ ውድድር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በሩን ለሁሉም ቋንቋ ከፍቷል፤ ነገር ግን እዚያ የሚገባው ሰው ቀድሞ የሚያውቀውን ይዞ ነው። የእናንተ ልጆች ገና እየተማሩ ነው።

ሁለተኛው ጭንቀቴ ጎዶ ነው። ጎዶ ቋንቋ አይደለም፤ ጌም ኢንጂን ነው። የስበት ኃይሉ፣ የነገሮች ግጭት፣ የምስሉ እንቅስቃሴ ተሠርቶ ተቀምጧል። አንዱ ተማሪ ኳሱ መሬት ሲነካ እንዲነጥር ሦስት ቀን ሲሠራ፣ ሌላው ከዝርዝር ውስጥ መርጦ ያስገባዋል። እነዚህን ሁለቱን በአንድ መዝገብ ላይ ማወዳደር በ13ቱ ላይ በደል ነው። ደግሞም ደንብ ጽፎ በመካከል መሻር በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ነው። የኮምቦልቻዋ ልጅ ጎበዝ መሆኗ አያጠራጥርም፤ ደንቡን አክብሮ የቆየውም ልጅ ግን ፍትሕ ይገባዋል።

መልስ፦ የሐረጎ መንገደኛ (ኮምቦልቻ)

ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነኝ። አሠልጣኝ ስለ ኢንጂን የተናገሩት እውነት ነው፤ ነገር ግን እሱ የኢንጂን ጉዳይ እንጂ የቋንቋ አይደለም። ፓይተንም ከፓይጌም ጋር ሲሆን ብዙ የተዘጋጀ ነገር አለው። መፍትሔው ተወዳዳሪው ከራሱ ውጪ የወሰደውን ሁሉ፣ ኢንጂን ቢሆን ላይብረሪ (ሌሎች ያዘጋጁት የኮድ ስብስብ)፣ ሥዕል ቢሆን ድምፅ፣ በአንድ ገጽ ጽፎ እንዲያስረክብ ማድረግ ነው። ዳኛው ያንን ይዞ «ከዚህ ውስጥ የአንተ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ዳኞች የማያውቁትን ቋንቋ እንዴት ይዳኛሉ ለሚለው፣ መምህር፣ አብሽሩ። በአይሲፒሲ፣ በዩኒቨርሲቲዎች ዓለም አቀፍ የፕሮግራም ውድድር፣ ሲ፣ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ጃቫ፣ ኮትሊንና ፓይተን ይፈቀዳሉ፤ የሚፈተሸው ፕሮግራሙ የሰጠው ውጤት ነው። ጨዋታ በውጤት ብቻ እንደማይለካ አውቃለሁ። ስለዚህ እናንተ በቃል ጠይቁ። ተማሪው ጨዋታውን ከፍቶ አንድ ነገር በፊታችሁ ይቀይር፤ ለምሳሌ «በየጉድጓዱ አራት ጠጠር የነበረውን ሦስት አድርገው»። ራሱ የጻፈው ልጅ ቦታውን ወዲያው ያገኘዋል። ከሰው የገለበጠው ፋይሉን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንከባልል ትመለከቱታላችሁ። ይህን ለማየት ሉዋ ማወቅ አያስፈልግም።

ስለ ስክራች አንድ ቃል። ብዙዎች የሕፃናት ነው ብለው ይንቁታል። ከአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ከኤምአይቲ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራም አለው። የገበጣን ተራ በቀለም ብሎኮች የገጣጠመ ልጅ ያሰበው ሐሳብ በፓይተን ከጻፈው ልጅ ሐሳብ ጋር አንድ ነው። አትናቁት።

መልስ፦ የሰኞ ገበያ ልጅ (ደሴ)

አጭር ጥያቄ አለኝ። ፓይተን ከሌሎቹ ይዘገያል ይባላል፤ ይህስ በፓይተን ተወዳዳሪዎች ላይ ጉዳት አያመጣም?

መልስ፦ ዳኛ የነበርኩ (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ለዚህ ርዕስ አያመጣም። ምስሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ ቢታደስ እንኳ ለአንዱ ዙር ወደ 17 ሚሊ ሴኮንድ ይደርሰዋል። የገበጣን 48 ጠጠር ለመቁጠር ከበቂ በላይ ነው።

ጠያቂው፦ መምህር ከቧንቧ ውሃ (ደሴ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሐረጎ መንገደኛ የነገሩኝን ቅዳሜ ዕለት ሞከርኩት፤ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ልጅቷ ጠዋት ከኮምቦልቻ መጣች። የገበጣዋ ሰሌዳ በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ አለው። እኔ ሉዋ አላውቅም፤ ስለዚህ የማውቀውን ጠየቅኋት። «ጠጠሩ ከመጨረሻው ጉድጓድ ወደ መጀመሪያው የሚዞረው በየትኛው መስመር ነው?» አልኳት። ስልኩን ወደ እኔ አዞረችና አሳየችኝ። መስመሩ የጉድጓዱን ቁጥር ለ12 አካፍሎ ቀሪውን ይወስድና በላዩ ላይ አንድ ይደምራል። እኔ ለተማሪዎቼ በፓይተን የማስተምረው ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ አንድ እንደምራለን፣ ከዚያ ለ12 አካፍለን ቀሪውን እንወስዳለን። የተሳሳተች መሰለኝና «ለምን አንዱን በኋላ ደመርሽው?» አልኳት።

«መምህር፣ ሉዋ መቁጠር የሚጀምረው ከአንድ ነው» አለችኝ። «መጀመሪያ ከአንድ የጃቫስክሪፕት ምሳሌ ላይ ገልብጬው ነበር። ጠጠሩ 11ኛው ጉድጓድ ጋ ሲደርስ ጨዋታው ይቆምብኛል። 11 ላይ አንድ ሲደመር 12 ይሆናል፣ ለ12 ሲካፈል ቀሪው ዜሮ ነው፤ በእኔ ሰሌዳ ላይ ዜሮ የሚባል ጉድጓድ የለም። 12ኛው ጉድጓድ ደግሞ አንድም ጠጠር አይደርሰውም። አራት ቀን ከፈጀብኝ በኋላ እውነተኛውን ገበጣ አምጥቼ በየጉድጓዱ ቁጥር በጠመኔ ጻፍኩበት፤ ያን ጊዜ ገባኝ።»

ፓይተንና ጃቫስክሪፕት ከዜሮ ይጀምራሉ፣ ሉዋ ከአንድ። ይህን ልዩነት በጠመኔና በጠጠር ያገኘች ልጅ ፕሮግራም አታውቅም ብዬ የምፈርደው እንዴት ነው? ከክፍሌ ተማሪዎች መካከል ያቺን መስመር ከሰሌዳ ላይ በትክክል ገልብጠው ለምን እንደዚያ እንደተጻፈች የማይነግሩኝ አሉ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ትናንት ከባልደረቦቼ ጋር ተቀምጠን አንቀጹን እንዲህ ለመቀየር ተስማማን፦ «ተወዳዳሪው በማንኛውም የፕሮግራም ቋንቋ መሥራት ይችላል። ሥራው በዳኞች ኮምፒውተር ላይ ያለ ኢንተርኔት መከፈት አለበት። ከሌላ የተወሰደ ማንኛውም ነገር በጽሑፍ ይገለጽ። ተወዳዳሪው በዳኞች ፊት አንድ ለውጥ አድርጎ ያስረዳ።» ጳጉሜን 1 ቀን ሁሉም መጥተው ሥራቸው መከፈት አለመከፈቱን ብቻ የሚሞክሩበት ጊዜም ጨምረናል። አሠልጣኝ፣ የእርስዎን ቅሬታ አልዘነጋሁትም፤ ምን ይላሉ?

መልስ፦ አሠልጣኝ (ደሴ፣ አራዳ)

የጠመኔዋ ነገር ልቤን ነክቶታል። አልዋሽም።

እንግዲያው ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። ለውጡን ለ17ቱም በአንድ ቀንና በአንድ ማስታወቂያ ንገሯቸው፤ ከመካከላቸው ቋንቋ መቀየር የሚፈልግ ካለ ጊዜ እንዲኖረው ማቅረቢያውን ወደ ጳጉሜን 5 ግፉት። ጎዶን በተመለከተ ግን አሁንም በአቋሜ ነኝ። መጻፉ ብቻ አይበቃም፤ ኢንጂኑ ለሠራው ክፍል ነጥብ እንደማይሰጥ በደንቡ ላይ በግልጽ ይቀመጥ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሥልጠናው ሳይጀመር ደንቡን አውጡ።

ጠያቂው፦ መምህር ከቧንቧ ውሃ (ደሴ)

ሁሉንም ተቀብያለሁ፤ ማቅረቢያው ጳጉሜን 5 ይሆናል። የቀረኝ አንድ ችግር ነው። የልጅቷ ጨዋታ ሎቭ በሚባለው የሉዋ መሣሪያ በስልክ የሚሠራ ነው። የዳኞቹን ኮምፒውተር አጣራሁ፤ ዊንዶውስ 32 ቢት ሆኖ ተገኘ። ልጅቷ ኮምፒውተር ስለሌላት ራሷ ልታዘጋጀው አትችልም።

መልስ፦ የሐረጎ መንገደኛ (ኮምቦልቻ)

መምህር፣ ይህ ቀላል ነው። ሎቭ ለዊንዶውስ የ32 ቢት ቅጂ አለው። የጨዋታዋን ፎልደር በዚፕ ጨምቃ ትላክልኝ፤ ከሎቭ ፋይል ጋር አጣምሬ በአንድ ፎልደር አደርገዋለሁ፤ ኮዷን አልነካም። ለፓይተኖቹም የ32 ቢት ፓይተን መጫኛና ፓይጌም በዚያው ፍላሽ ላይ እጨምራለሁ፤ ፓይኢንስቶለር የ32 ቢት ፋይል የሚያወጣው በ32 ቢት ፓይተን ላይ ሲሠራ ነውና። ሐሙስ ከሰዓት ወደ ደሴ እወጣለሁ፤ ፒያሳ ልጠብቅዎት ወይስ ትምህርት ቤቱ ድረስ ላምጣው?

ጠያቂው፦ መምህር ከቧንቧ ውሃ (ደሴ)

ትምህርት ቤቱ ድረስ ብትመጣልኝ እመርጣለሁ ወንድሜ፤ ኮምፒውተሩ ላይ አብረን እንሞክረዋለን። ልጅቷንም እጠራታለሁ፤ ስታጣምረው አጠገብህ ቁጭ ብላ ትይ።