ለክትፎ የትኛው ቢላ ይሻላል?

ደብረ ብርሃን ላይ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ለአንድ ጥሩ ቢላ የመደብኩት 2000 ብር ነው። አሁን ያለኝ ስስ፣ የማይዝግ ቢላ ነው። ጠዋት በሞረድ እስለዋለሁ፤ የምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይዶለዱማል። ሥጋውን ይጎትተዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ጅማት ሲያገኝማ ጭራሽ ይቆማል። ሞረዱን ትቼ በለስላሳ መሳያ ድንጋይ ሞከርኩ። ስለቱ ጥሩ ወጣ፣ ግን አልቆየም። እጀታውም ላልቷል፤ እሱን ማጥበቅ ይቻላል፣ አያሳስበኝም።

አንድ ብረት ሠሪ ከመኪና ባሌስትራ ሊሠራልኝ ተስማምቷል። ብረቱ ጠንካራ ነው፣ ስለት ይይዛል። ይዝጋል ግን፤ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሥጋ፣ ሽንኩርትና ሎሚ እቆርጥበታለሁ። በዚሁ ዋጋ ወፈር ያለ የማይዝግ ቢላ ሱቅ ውስጥ አይቻለሁ። አቅሜ ለአንዱ ብቻ ነው። ሁለቱንም በሥራ ላይ ያያችሁ፣ የቱን ልግዛ?