ነጩን ጤፍ ብቻ እያዩ የሚመርጡ ገበሬዎችን መልስ እንዴት ላስላው?

ጤና ይስጥልኝ። የማስተርስ ጥናቴ አንድ ቦታ ላይ ቆሞብኛል፤ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

ምሥራቅ ጎጃም ያሉ ገበሬዎች የትኛውን የጤፍ ዘር እንደሚመርጡ እያጠናሁ ነው። ካርድ እያሳየሁ አንዱን እንዲመርጡ እጠይቃቸዋለሁ፤ እያንዳንዱ ካርድ ላይ ሁለት ዘርና «ሁለቱንም አልፈልግም» የሚል አማራጭ አለ። ዘሮቹ በምርት፣ በመድረሻ ጊዜ፣ በቀለምና በዋጋ ይለያያሉ። ምርጫቸውን የማሰላበት የስታቲስቲክስ ሞዴል ሰው አራቱንም አመዛዝኖ ይመርጣል ብሎ ነው የሚነሳው። መስክ ላይ ያየሁት ግን ሌላ ነው። አንድ አባት ካርድ በሰጠኋቸው ቁጥር ጣታቸው ቀጥታ ነጩ ላይ ያርፋል። «ገበያው የሚወደው ነጩን ነው፤ ሌላው ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። ይሄ ግዴለሽነት አይደለም፤ የገበያ እውቀት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አሞስ ትቨርስኪም በ1972 እ.ኤ.አ. ሰው አማራጮችን በአንድ መለኪያ እያጣራ እንደሚጥል አሳይቷል።

አማካሪዬ እንዲህ በአንድ ነገር ብቻ የሚመርጡ ሰዎችን ከዳታው አውጣ ይለኛል። እኔ አልተዋጠልኝም። ካወጣኋቸው የማን ምርጫ ይቀረኛል?

መጨረሻ ላይ «የትኛውን አላዩም?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ችግሩ፣ «ዋጋ አላየሁም» ያለው ሰው ራሱ ውዱን ዘር ሲሸሽ ይታያል። ታዲያ ቃሉን አምኜ በሞዴሉ ውስጥ የዋጋውን ክብደት (ዋጋው ምርጫውን ምን ያህል እንደሚወስን የሚያሳየውን ቁጥር) ዜሮ ላድርገው? ወይስ በላተንት ክላስ ሞዴል (ሰዎችን እንደ ምርጫቸው በስውር ቡድኖች፣ ማለትም በክላሶች፣ በሚከፍል ሞዴል) ከምርጫው ራሱ ልገምት? የዋጋው ክብደት ዜሮ ከሆነ ደግሞ ለነጩ ዘር ምን ያህል ለመክፈል ፈቃደኛ እንደሆኑ ማስላት አይቻልም፤ ስሌቱ የቀለሙን ክብደት በዋጋው ክብደት ማካፈል ስለሆነ፣ በዜሮ ማካፈል ይሆናል። የምሠራው አር (R) በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም፣ አፖሎ (Apollo) በሚባለው ፓኬጅ ነው። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ካለ፣ ክላሶቹን እንዴት እንደከፈለ ቢያሳየኝ ትልቅ ውለታ ነው።